ከ10 ዓመት በኋላ ሥራ ፍለጋ፦ የደመወዝ ግብሩን በድሮው ሠንጠረዥ ሠርቼ አረፍኩት

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ
ጥቅምት 11፣ 2018 | ከምሽቱ 4:10

ሰላም ናችሁ የዚህ ቤት ሰዎች። ልጆቹ ተኝተውልኝ ነው የምጽፈው፣ ቢረዝም ታገሡኝ።

በአካውንቲንግ ተመርቄ ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። መጨረሻ ላይ የሠራተኛውን ደመወዝ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። በ2007 ሁለተኛዋን ስወልድ ለቀቅኩ። ሐሳቤ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ከዚያ እናቴ አልጋ ላይ ዋለች፣ ሦስተኛው መጣ፣ 2014 ላይ ደግሞ ጦርነቱ መጣ፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ልጆቼን ይዤ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ከረምኩ። ዛሬ ነገ ሲባል አሥር ዓመት ሞላ።

አሁን ትንሹም ትምህርት ቤት ገባ። ኑሮውን አልነግራችሁም፣ እናንተም እዚሁ ናችሁ። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ለጽሑፍ ፈተና ተጠራሁ። ጠዋት ደሴ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፣ ወፍራም ሹራብ ደርቤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ሹራቡን አውልቄ በክንዴ አንጠልጥዬ፣ እያላበኝ ደረስኩ። ሰባት ተፈታኞች ነን። ስድስቱ ትናንት የተመረቁ ልጆች።

ሦስተኛው ጥያቄ ጠቅላላ ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እጁ ላይ የሚደርሰውን አስሉ ይላል። ደስ አለኝ! ይሄ እኮ እንጀራዬ ነበር። ማሰብ አላስፈለገኝም፣ እጄ ራሱ ጻፈው። 8,000 በ35 በመቶ፣ ሲቀነስ 662 ከ50፣ ግብር 2,137 ከ50። ጡረታ 7 በመቶ፣ 560። የተጣራ 5,302 ከ50። ከሁሉም ቀድሜ ጨርሼ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ስትሰርዝ ስትደልዝ አይቼ እንዲያውም አዘንኩላት። አይ እኔ!

ስንወጣ ያቺው ልጅ "እትዬ፣ ሦስተኛው ስንት መጣልዎት?" አለችኝ። ነገርኳት። ዝም ብላ አየችኝና ስልኳ ላይ ሠርታ አሳየችኝ። ግብር 1,150፣ የተጣራ 6,290። "የትኛውን ሠንጠረዥ ነው የተጠቀሙት?" አለች፣ ያውም በትሕትና። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ፈልጌ ሳየው እኔ በቃሌ የያዝኩት ግብር ከ150 ብር በላይ የሚጀምርበትን የድሮውን ነው። በ2008 ከ600 በላይ ሆነ። ባለፈው ሐምሌ ደግሞ ከ2,000 በላይ። አንድ ሙሉ ሠንጠረዥ ወጥቶ፣ አገር ሠርቶበት፣ ተሽሮ፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ አላየሁትም።

እና ጥያቄዬ፣ ልተወው ወይስ ልቀጥል? ሌላም አለ። የሥራ ልምድ ወረቀቴ 2014 ላይ ቤት ቀርቶ ጠፋ። ድርጅቱ ሄጄ ብጠይቅ "የዚያን ጊዜ ፋይል የለም" ብለው መለሱኝ። ደግሞ ቃለ መጠይቅ ላይ "አሥር ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?" ሲሉኝ ምላሴ ይተሳሰራል።

---

ሒሳብ_ሹም
ጥቅምት 11፣ 2018 | ከምሽቱ 4:52

አብሽሪ እህቴ። 662 ከ50ን አሥር ዓመት በቃሉ የያዘ ሰው ሒሳብ አልጠፋበትም፣ ሠንጠረዥ ነው የጠፋበት። ሠንጠረዥ ደግሞ አንድ ገጽ ነው።

አዲሱን እነሆ፣ እንደ ድሮሽ በቃል ያዢው። እስከ 2,000 ነፃ። እስከ 4,000 በ15 በመቶ ሲቀነስ 300። እስከ 7,000 በ20 ሲቀነስ 500። እስከ 10,000 በ25 ሲቀነስ 850። እስከ 14,000 በ30 ሲቀነስ 1,350። ከዚያ በላይ በ35 ሲቀነስ 2,050። የልጅቷ 1,150 ትክክል ነው፣ 8,000 በ25 በመቶ 2,000 ይመጣል፣ 850 ስትቀንሺ ያው። ጡረታው እንደተውሽው ነው፣ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11።

ከዚያ ሌላ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚቀነሰው ግብር) ከ2 ወደ 3 በመቶ ወጥቷል። የተጨማሪ እሴት ታክስም አዲስ አዋጅ አለው፣ 1341/2016፣ መጣኔው ግን ያው 15 ነው። የሠራተኛ ሕጉን ደግሞ አንቺ በአዋጅ 377 ነው የምታውቂው፤ አሁን 1156/2011 ነው። ደመወዝ ለሚሠራ ሰው ትርፍ ሰዓቱ ዋናው ነው፣ የቀኑ ከ1.25 ወደ 1.5 አደገ፣ የሌሊቱ 1.75። የዓመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን። ሙከራ 45 ቀን የነበረው 60 የሥራ ቀን ሆኗል፣ እሱ አንቺንም ይመለከትሻል።

ይህን በሁለት ቅዳሜ ትጨርሺዋለሽ። እኔ የምፈራልሽ ሌላውን ነው፣ ወረቀቱን። እሱን ነገ እጽፋለሁ፣ መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው።

---

ጦሳ_ሥር
ጥቅምት 11፣ 2018 | ከምሽቱ 5:03

የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪስ ተቀይሮ ይሆን ብለሽ እንዳትጨነቂ። በየቢሮው ያለው ዛሬም ያው 2010 ነው፣ በእኛ ሳይሆን በፈረንጁ አቆጣጠር። አንቺ ሄደሽ መጣሽ፣ እሱ ከቦታው አልተነሣም 😄

---

የሰኞ_ገበያ_ነጋዴ
ጥቅምት 12፣ 2018 | ከጠዋቱ 1:30

ሁላችሁም አይዞሽ ብቻ ስለምትሉ አንድ ሰው የአሠሪውን ይናገር። እኔ ሦስት ሠራተኛ አለኝ። አሥር ዓመት ቤት የተቀመጠች ባለ ሦስት ልጅ ብትመጣ እፈራለሁ። ክፋት አይደለም። ልጅ አተኮሰው፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ አለ፣ ሠራተኛዋ ጥላኝ ሄደች። ቫት የሚዘጋው ወሩ ሳያልቅ ነው፣ የልጅ ትኩሳት አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ ብር የሚነካ ሰው ዋስ ያስፈልገዋል፣ ከሥራ የራቀ ሰው ደግሞ ዋስ የሚሆነው ባልደረባ የለውም። ሦስተኛ፣ አሁን ደንበኛ በጥሬ ብር አይከፍልም። በቴሌብር አስገባሁ ብሎ የውሸት ስክሪንሾት የሚያሳይ ሞልቷል። 2007 ላይ ቴሌብር የሚባል ነገር አልነበረም፣ 200 ብር ኖት ራሱ አልነበረም። ይሄን ሁሉ እኔ ቁጭ ብዬ ላስተምር?

ቅር አይበልሽ፣ እውነቱን ነው።

---

ከጅዳ_የተመለሰች
ጥቅምት 12፣ 2018 | ከጠዋቱ 3:15

ወንድሜ፣ አንተም ሚስትህ ልጆችህን ባታሳድግልህ ሱቅህን ጠዋት 2 ሰዓት አትከፍትም ነበር። ይሄን ብዬ ልለፍ።

እህቴ፣ እኔ ንብረት ክፍል ስሠራ ቆይቼ ሰባት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠራሁ። ስመለስ ሲቪዬ ላይ እነዚያን ሰባት ዓመታት ዘለልኳቸው። የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ሰውየው ጣቱን ክፍተቱ ላይ አድርጎ "እዚህ ጋ ምን አለ?" አለኝ። ቀባጠርኩ። "ቢዝነስ ሞክሬ ነበር" ምናምን። ውሸቴ ፊቴ ላይ ነበር፣ አልጠሩኝም። ሁለተኛው ቦታ ሆቴል ነው። ሳይጠይቁኝ "ሰባት ዓመት ሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ፣ ዐረብኛ እናገራለሁ" አልኳቸው። እንግዳ መቀበያ ላይ አስቀመጡኝ። ዐረብኛው ነው ያስቀጠረኝ፣ ልደብቀው የነበረው።

አንቺም አትደብቂው። ግን "ልጅ ሳሳድግ ነበር" ብለሽ ብቻ አንገትሽን አትድፊ። በእነዚህ ዓመታት እጅሽ የገባ ሌላ ነገር የለም? አስቢ እስቲ።

---

ሒሳብ_ሹም
ጥቅምት 12፣ 2018 | ከቀኑ 7:40

ስለ ወረቀቱ። አሠሪ ሠራተኛ ሲለቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ይሄ ሕግ ነው። ፋይል የለም ካሉሽ ፋይሉን አንቺ ይዘሽላቸው ሂጂ። የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ታስታውሻለሽ? ያኔ ከደመወዝሽ መዋጮ ይቆረጥ ነበር፣ ስለዚህ ስምሽ ጡረታ መሥሪያ ቤት ይኖራል። ደመወዝሽ በባንክ ይገባ ከነበረም የዚያን ጊዜ የሒሳብ እንቅስቃሴ ጠይቂ። ሁለቱን አያይዘሽ በማመልከቻ አስገቢ። "እነሆ" ሲሏቸው "የለም" ከማለት ማኅተም ማንሣት ይቀላቸዋል። እኔ ለአንድ ጓደኛዬ በዚህ መንገድ አስጨርሻለሁ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ደግሞ ጡረታውን ለወረቀት ብቻ አትፈልጊው። የዘላቂ አበል መነሻው አሥር ዓመት አገልግሎት ነው። ስድስቱም ዓመት መዋጮ የተከፈለበት ከሆነ ስድስት አለሽ። መዋጮሽን ካልወሰድሽው አራት ነው የቀረሽ።

@የሰኞ_ገበያ_ነጋዴ፣ ስለ ዋሱ ያልከው እውነት ነው። ሌላውን ግን ተወው።

---

ነጭ_ጋዋን
ጥቅምት 12፣ 2018 | ከቀኑ 10:05

ነርስ ነኝ፣ አራት ዓመት አቋርጬ የተመለስኩ። የእኛ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ የተከታታይ ሥልጠና ነጥብ ይጠየቃል፣ ቤት የተቀመጠ ሰው ነጥብ ከየት ያመጣል? እሱን ስሯሯጥ ነው ግማሽ ዓመት የበላሁት። አንቺ ፈቃድ የለብሽም፣ ዕድለኛ ነሽ። በርቺ።

---

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ
ጥቅምት 13፣ 2018 | ከምሽቱ 3:30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሌሊቱን "እጅሽ የገባ ነገር የለም ወይ" የሚለውን ሳስብ አደርኩ።

አንድ ነገር አለ፣ ግን እንደ ሥራ ቆጥሬው ስለማላውቅ ላለማንሣት ነበር። ከ2009 ጀምሮ የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ። ከሰማንያ አባወራ በላይ ነን። መዋጮው፣ ቅጣቱ፣ ሰው ሲሞት የሚወጣው፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው የሚመዘገበው። በዓመት አንድ ጊዜ ሦስት ሽማግሌ ቁጭ ብለው ይቆጥሩኛል።

በ2014 ስንወጣ ጊዜ አልነበረም። የልጆቹን ልብስ ስጠቀልል የቅሬውን ደብተርና የደረሰኝ ጥራዝ ትንሹ ቦርሳ ውስጥ ከዳይፐር ጋር ከተትኩት። የራሴ ዲግሪ ኮፒ፣ የራሴ መልቀቂያ፣ ቁም ሣጥን ላይ ቀሩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም። የሰው ገንዘብ ስለሆነ ይመስለኛል። ስንመለስ ድንኳኑም ድስቱም የለም። ደብተሩ ግን ስላለ ማን ስንት እንደከፈለ፣ ባንክ ስንት እንዳለን፣ ምን ምን ዕቃ እንደነበረን አንድም ሰው አልተጨቃጨቀም። ሌላ ሰፈር ለወራት ተጣልተዋል።

@የሰኞ_ገበያ_ነጋዴ ጋሼ፣ ቅር አላለኝም። ግን እርስዎ ቅሬ የለዎትም? ገንዘብ ያዡ ማነው?

---

የሰኞ_ገበያ_ነጋዴ
ጥቅምት 13፣ 2018 | ከምሽቱ 3:58

አለኝ። ገንዘብ ያዧ ጎረቤቴ ናት።

ግን ቅሬ ቫት አያሳውቅም፣ ፒችትሪም የለውም።

---

ጦሳ_ሥር
ጥቅምት 13፣ 2018 | ከምሽቱ 4:01

ቅሬ ውስጥ አንድ ጭልፋ ቢጎድል ግን የሰባት ትውልድ ስም ይነሣል። የገቢዎች ኦዲተር ይሻላል።

---

የሰኞ_ገበያ_ነጋዴ
ጥቅምት 13፣ 2018 | ከምሽቱ 4:20

😄 እሱስ ልክ ነው። እህቴ፣ የደብተሩን ነገር ከመጀመሪያው ለምን አልተናገርሽም? እኔ የምፈራው የሚጠፋ ሰው እንጂ የማያውቅ ሰው አይደለም። የማያውቅ ይማራል። አሁንም ልጅ ሲታመም ማን እንደሚይዝልሽ ሳታዘጋጂ ሥራ እንዳትጀምሪ፣ ይሄን አልመልስም። ቃለ መጠይቅ ላይ ሳይጠይቁሽ "ልጆቹን እገሊት ትይዝልኛለች" በያቸው። አሠሪ አፍሮ አይጠይቅም፣ በልቡ ግን ይይዘዋል።

---

ሒሳብ_ሹም
ጥቅምት 14፣ 2018 | ከጠዋቱ 2:10

የውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ። እኔ ከሥራ ውጪ እዚሁ ደሴ ፒያሳ የሁለት ሱቅ ወርኃዊ እሠራለሁ፣ ጊዜ አንሶኛል። አንዱን አብረን እንሥራ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን በሁለተኛው ወር የአሁኑን ሕግ በእጅሽ ትሠሪበታለሽ፣ ቃለ መጠይቅ ላይም "አሁን ምን እየሠራሽ ነው?" ሲሉሽ መልስ አለሽ።

---

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ
ታኅሣሥ 19፣ 2018 | ከምሽቱ 3:45

ጠፋሁ አይደል? ይኸው ወሬ ይዤ መጣሁ።

የፒያሳውን ሱቅ ሁለት ወር ሠራሁ። የመጀመሪያው ወር አሳፋሪ ነበር። ደረሰኞቹን ባለቤቱ በፌስታል አምጥቶ ዘረገፈልኝ፣ ግማሹ ቀለሙ ለቆ ነጭ ወረቀት ሆኗል። የሽያጭ ማሽን ደረሰኝ ሙቀት እንደማይወድ ረስቼ ፀሐይ ባለበት መስኮት ላይ ደርድሬ ሌላ ጥቂት ደግሞ እኔ አነጣሁ። ሒሳብ ሹም (እግዜር ይስጥህ) ሳይቆጣ "በይ ከባንኩ ጋር እያስተያየሽ አንድ በአንድ ልቀሚ" አለኝ። ሦስት ሌሊት ለቀምኩ። ያን ጊዜ ነው እጄ የተመለሰው ብዬ የማስበው። ፈተናውን ስወድቅ አልነበረም የጠፋው፣ ግን እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው።

የሥራ ልምዱ ወረቀት አልቋል። ሦስት ሳምንት አይደለም፣ ሰባት ሳምንት ፈጀ፣ አምስቴ ኮምቦልቻ ተመላለስኩ። ደመወዜን አሳንሰው ጽፈውታል። አልተጨቃጨቅኩም።

ከዚያ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስልክ ተደወለ። "እትዬ፣ አስታወሱኝ?" ያቺ የፈተናዋ ልጅ ናት። ያን ቀን ስልክ ተለዋውጠን ነበር። ተቀጥራ አንድ ወር ሠርታ አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ ሥራ ደርሷታል። "ቦታዬ ክፍት ነው፣ ማስታወቂያው ነገ ይለጠፋል፣ ይምጡ" አለችኝ። ሄድኩ። ፈተናው ላይ የደመወዝ ጥያቄ አለ! ሠንጠረዡን መጀመሪያ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት፣ ከዚያ ሠራሁ። ከሁሉም መጨረሻ ነው የወጣሁት።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሰውየው ገና "አሥር ዓመት..." ሲል የቅሬውን ደብተር ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዝም ብሎ ገለጠው። የመዋጮውን ገጽ አልፎ የዕቃ ዝርዝሩን ብዙ ቆየበት። ኅዳር 2014 ላይ የተሰመረውን ቀይ መስመር ሲያይ "ይሄ እዚያ ጊዜ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። እሱም የኮምቦልቻ ሰው ነው። ሌላ ብዙ አልጠየቀኝም፣ የልጆቹን ነገር ግን እኔ ቀድሜ ነገርኩት፣ @የሰኞ_ገበያ_ነጋዴ እንዳሉኝ፣ አማቴ እኛ ጋ መጥታለች ብዬ።

ደመወዙ 9,000። የተጣራ 6,970፣ ሦስቴ አስልቼዋለሁ። የድሮ ባልደረቦቼ ዛሬ የት እንደደረሱ ሳስብ ያንገበግበኛል፣ አልዋሽም። ከእኔ በስምንት ዓመት የምታንስ ልጅ ናት አለቃዬ። ሰኞ እጀምራለሁ፣ 60 የሥራ ቀን ሙከራ።

---

ከጅዳ_የተመለሰች
ታኅሣሥ 19፣ 2018 | ከምሽቱ 3:52

አልሐምዱሊላህ!! እልል ብያለሁ፣ ጎረቤት ምን ሆንሽ ብሎ መጣ።

---

የሰኞ_ገበያ_ነጋዴ
ታኅሣሥ 19፣ 2018 | ከምሽቱ 4:15

እንኳን ደስ ያለሽ። ዋስ ማን ሆነሽ?

---

የቧንቧ_ውሃ_ልጅ
ታኅሣሥ 19፣ 2018 | ከምሽቱ 4:22

የቅሬያችን ሰብሳቢ፣ ንግድ ፈቃዳቸውን ይዘው ሐረጎን አብረውኝ ወርደው ፈረሙ። "ብር ብታጎድል ድንኳን አንተክልላትም" አሉ የሰው ኃይሉ ፊት 😄

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ሰዎች፣ 2:30 ቢሮ ለመግባት ከደሴ ስንት ሰዓት ልነሣ? ትንሹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው አባቱ ነው።

---

ሐረጎ_ተመላላሽ
ታኅሣሥ 19፣ 2018 | ከምሽቱ 4:40

እኔ 12:45 ላይ መናኸሪያ ነኝ። ጉም ባለበት ቀን ከዚያም ቀደም በይ፣ ሹፌሩ ሐረጎ ላይ መብራት አብርቶ በዝግታ ነው የሚወርደው፣ ፊት ለፊት ከባድ መኪና ካለ ደግሞ ከኋላው መከተል ብቻ ነው። ሹራብሽን ጠዋት ጠዋት በክንድሽ አትያዢ፣ አንድ ትርፍ ገዝተሽ ቢሮ ወንበር ላይ ተዪው። ማታ ስትመለሺ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ብርዱ ይጀምራል፣ መስኮት የሚከፍት ሰው ደግሞ አይጠፋም።